ማኔት ስቆጥር የከረምኩበት ነሐሴ

እናቴ የሞተችው በሐምሌ መገባደጃ ነው። እኔ የሰማሁት በጳጉሜን ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ከስቶክሆልም በባቡር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ወደብ፣ ከእንጨት የተሠራ ጀልባ ማቆሚያ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ አጥንት የለሽ ፍጥረት እቆጥር ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢን ላለማጉላላት ብዬ ነው፤ እኔ ራሴ በቂ ተጉላልቻለሁ። ያጉላላኝም ሌላ ሰው አይደለም፣ የራሴው እልህ ነው።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። የስቶክሆልም ዳርቻ በሆነችው ፊቲያ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን እኖር ነበር። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ አዛውንት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ። የረዳት ነርስነት ወረቀት ለማግኘት ኮምቩክስ በሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብቼ የተፈጥሮ ሳይንስ ማለፍ ነበረብኝ። ከባሌ ጋር ከተለያየን ጥቂት ወራት ሆኖናል። እሱ ሪንከቢ በሚባል ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ወጣ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ አይጠጣም። ግን ስናገር የማይሰማ፣ ዝም ስል የማይጠይቅ ሰው ነው። ሰባት ዓመት ከግድግዳ ጋር ኖሬ በቃኝ አልኩ። ይህን ደግሞ ሰው አይረዳልሽም። «ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። «ምንም» እላለሁ። ምንም አለማድረግ ራሱ በደል መሆኑን የማስረዳበት አፍ አልነበረኝም።

በዳግማ ትንሣኤ፣ እሑድ በማለዳ፣ ሦስት ሽማግሌ ላከብኝ። መሪያቸው የስቶክሆልም አበሻ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ራሳቸው ሳይስቁ ሰው የሚያስቁ ባልቴት ናቸው። አብረዋቸው አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪና አንድ ዝምተኛ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። እንደ ወጉ አስገባኋቸው፣ ሻይ አፈላሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማኋቸው። «ትዳር እንዲህ በቀላሉ አይፈርስም» አሉኝ። «ቀላል ነው ያላችሁ ማን ነው?» አልኳቸው። ሲሄዱ እማማ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እንመለሳለን። ሽማግሌ አንድ ጊዜ መጥቶ አይቀርም» አሉኝ። እኔም በሆዴ፣ ተመለሱ፣ በሩን ታገኙታላችሁ አልኩ።

በሰኔ መጀመሪያ ከሥራ ቦታ አረጋውያኑን ለሽርሽር ኒነስሃምን ወደሚባለው ወደብ ይዘናቸው ሄድን። የአንዲትን አሮጊት ጋሪ እየገፋሁ ከጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ስደርስ ውሃው ውስጥ ፌስታል አየሁ። ነጭ፣ ስስ ፌስታል። እነዚህ ሰዎች ስለ ቆሻሻ ሌት ተቀን ሲሰብኩን ይኸው ባሕራቸው ላይ ፌስታል ይጥላሉ ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ፌስታሉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ደግሞ ተከፈተ። አሮጊቷ በጣቷ እያሳየች «ማኔት» አለችኝ። እኛ ስሙን ከፈረንጅ ወስደን ጄሊፊሽ የምንለው ነው። ጎንበስ ብዬ ስመለከት አንድ አልነበረም፤ ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ ነበር።

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን የቤት ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችን አንድ ሕይወት ያለው ነገር መርጠን፣ እዚያው ቦታ እየተመላለስን አይተን፣ ደብተር ላይ መዝግበን፣ በመስከረም ለክፍሉ እንድናቀርብ ነው። ሕጓ አንድ ብቻ ነበር። «የምታስቡትን ሳይሆን ያያችሁትን ጻፉ» አለች። አንዱ ጉንዳን መረጠ፣ አንዷ የጓሮዋን ቁራ። እኔ ማኔት አልኩ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ቱነልባና የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ከዚያ የከተማ ዳር ባቡር እየተሳፈርኩ ወደ ኒነስሃምን መሄድ ጀመርኩ።

መልኳን ልንገራችሁ። ስፋቷ የሻይ ሰሃን ያህላል፣ አንዳንዷ ትንሽ ትበልጣለች። ሥጋዋ እንደ ተነከረ ተልባ ነው፤ አለ ስትይው የለም፣ የለም ስትይው አለ። በመሐል ጀርባዋ ላይ አራት ቀለበት ይታያል፣ የፈረስ ኮቴ የመሰለ። የአንዳንዷ ነጣ ያለ ነው፣ የአንዳንዷ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። በጠርዟ ዙሪያ እንደ ነጠላ ጫፍ የተንዘረፈፈ ክር አላት፤ ከሆዷ ሥር ደግሞ አራት ረዣዥም ክንድ የሚመስል ነገር ይንጠለጠላል። ስትሄድ ጃንጥላ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሰው ነው። ግን ወዴትም አትሄድም። ወደ ላይ ትላለች እንጂ ወደ ፊት የሚወስዳት ውሃው ነው። ነፋስ ሲነሣ ትሰምጣለች፣ ሲረጋ ተመልሳ ትወጣለች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ደፍሬ በእጄ ጀርባ ነካኋት። ያቃጥለኛል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ምንም አላደረገችኝም፤ የምታቃጥለው ቀዩዋ ናት አሉኝ፣ ይቺ ለሰው ጉዳት የላትም።

እነዚህን ሁሉ ለእናቴ ጻፍኩላት። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ የኔን ደብዳቤ የሚያነብላት፣ የሷንም የሚጽፍልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። ስለዚህ ዝርዝሩን አሳመርኩት። አጥንት የላትም፣ ደም የላትም፣ ልብ የላትም፣ ጭንቅላት የላትም፣ በበላችበት በዚያው ታስወጣለች አልኳት። የሽማግሌዎቹንም ነገር እዚያው ጨመርኩ፤ እንመለሳለን ብለውኛል፣ ቢመጡ አልከፍትም ብዬ ፎከርኩ። ደብዳቤውን ባሕሩ ዳር ካለው ፖስታ ሣጥን ከተትኩት።

ሐምሌ አለቀ። በሐምሌ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ነፋስ አልነበረም፣ ውሃው ሥሩ ድረስ ይታይ ነበር። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለውን ብቻ መቁጠር ለምጄ ነበርና ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት። ፀሐይ ሞቅ ብላ፣ ያመጣሁትን ዳቦ በልቼ፣ እዚያው ትንሽ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ልቤ ዐርፎ አያውቅም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ነሐሴ ገብቷል። ገና ሲነጋጋ የበሬ ደወል ተንጫረረ። በባዶ እግሬ ሄጄ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሦስቱም ናቸው። እማማ ከፊት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፤ አስተማሪው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፤ ዝምተኛው ከኋላ። ትንፋሼን ዋጥኩ። ደግመው ደወሉ። ሦስተኛ ደወሉ። እማማ ጉልበታቸው አልችል ብሏቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ተኝታ ይሆናል» አሉ አስተማሪው። «እንግዲያው ትተኛ፣ አትቀስቅሷት። ልጄ ትተኛ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ ነበር። ወይ ብልጠት፣ በሩ ሥር እንዳለሁ ስላወቁ ሊያባብሉኝ ነው አልኩ። አሳንሰሩ እስኪወርድ ከበሩ ጀርባ አልተነቃነቅኩም፤ ከዚያም ሳቅኩ።

ልብ በሉ፤ በኛ አገር ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሆኖ፣ ነጠላ አጣፍቶ በር የሚያንኳኳ ሽማግሌ ለሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ዕርቅ ነው። ሁለተኛው መርዶ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በደብዳቤ አይጻፍም፣ ሥራ ቦታ ላይ አይወረወርም። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ከመኝታው እንደ ተነሣ፣ የሚደግፈው ሰው ባለበት ነው የሚረዳው። ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ የኔን ስልክ ቁጥር እያወቀ ለኔ አልደወለም። ጎረቤት ሰፈር ሃሉንዳ ለምትኖረው ለአብሮ አደግ ጓደኛዬ ደወለ። እሷ ለእማማ ነገረች። ሰዎቹ በዚያች ጠዋት ይዘውብኝ የመጡት እናቴን ነበር። እኔ በቀዳዳው ያየሁት ባሌን ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ቅዳሜም እሑድም ገና ጎሕ ሳይቀድ ከቤት መውጣት ጀመርኩ። በሥራ ቀን እንደሆነ ማለዳ ፈረቃ ነኝ፤ ጭራሽ አይደርሱብኝም። ቤተ ክርስቲያን ያገኙኛል ብዬ ፍልሰታን እንኳ ሳላስቀድስ ጾምኩ። ጓደኛዬ በየሳምንቱ ትደውላለች። «ቅዳሜ ጠዋት እቤት አለሽ?» ትለኛለች። «ምን ልታመጪልኝ?» እላታለሁ። «ምንም፣ እንዲሁ ልይሽ ብዬ ነው።» ድምፅዋ ታፍኗል። እኔ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ገጥማለች ብዬ አኩርፌአታለሁ። አንድ ቀን ስመለስ በሬ ላይ ምስር ወጥ በድስት አስቀምጣልኝ ሄዳለች። ጉቦ መሆኑ ነው ብዬ ስቄ በላሁት።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ከእናቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። እሷ ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ደብዳቤው ግን በሕይወት እያለች የተጻፈ ነበር፣ መንገድ ላይ ነው የዘገየው። የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቃሉ የሷ ነው። «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደኅና ነኝ» ይልና ይቀጥላል። «ስለ ሽማግሌዎቹ የጻፍሽውን ሰምቻለሁ። ባልሽን ተመለሺለት አልልሽም፣ የቤትሽን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ። ነገር ግን ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም። ባትሰሚያቸውም አስቀምጫቸው። ያ አጥንትም ልብም የላትም ያልሽው የባሕር ፍጥረት ነገር ሲገርመኝ ሰነበተ። ልጇስ ታውቃታለች ወይ?»

ሰው የሚያነበው የፈራውን ነው። «ተመለሺለት አልልሽም» የሚለውን ዓይኔ ዘለለው። ያየሁት «ሽማግሌ ከደጅ አይመለስም» የሚለውን ብቻ ነው። ከደጅ የመለስኳቸው ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ እናቴ አዲስ አበባ ተቀምጣ በምን ሰማች? ባሌ ደውሎላታል! እናቴንም ገዝቷታል!  አልከፍትም ብዬ የፎከርኩት እኔው ራሴ በደብዳቤ መሆኔ ትዝም አላለኝ። ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ባይ ኖሮ ሁሉ ነገር ይገለጥልኝ ነበር፤ ቀኑ ከላይ በስተቀኝ በኩል ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። አላየሁትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እኔን ነው።

እዚያው በቆምኩበት መልሱን ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእናቴ ጽፌ አላውቅም። ሌላው ሁሉ ቢከዳኝ አንቺ ትከጂኛለሽ አላልኩም ነበር አልኳት። መጨረሻ ላይ፣ ይኸው አሁንም በቃል አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የማኔቷን ነገር ለጠየቅሽኝ፤ ልጇ አታውቃትም። ልጅቷ መልክ ሳታወጣ እናትየዋ ትሞታለች፣ ውሃ ሆና ትቀራለች። ማንም ለማንም ሽማግሌ አይልክም። ደኅና ኑሮ ነው።» ቴምብሩን በምላሴ አርሼ ለጠፍኩና ላክሁት።

የጻፍኩት ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ነው፤ ሐሰት የለበትም። ባለ ወይን ጠጅ ቀለበቶቹ ሴቶቹ ናቸው። ወደ ነሐሴ መጨረሻ በክንዶቻቸው እጥፋት ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነገር ማየት ጀመርኩ፤ ልጆቻቸው ናቸው። እናትየዋ አቅፋ ታቆያቸውና ትለቃቸዋለች። ትንሽ ዋኝተው ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ድንጋይ ወይም ቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ይጣበቃሉ፤ የበረዶውን ወራት እዚያው ጨለማ ውስጥ ሥር እንዳለው ተክል ሆነው ይከርማሉ። በረዶው ሲቀልጥ ያ ተክል እንደ ተደራረበ ሰሃን ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሰሃን ተነሥቶ ይዋኛል፣ ማኔት ይሆናል። ያን ጊዜ እናቲቱ የለችም። ሞገድ ወደ ዳር ከተፋቸው መካከል አንዷን አለት ላይ አይቼ ከጥዋት እስከ ቀትር ጠበቅኳት። ፀሐይ መታት፣ ሳሳች፣ መጨረሻ ላይ ድንጋዩ ላይ እንደ ደረቀ ምራቅ ያለ ምልክት ብቻ ቀረ። ሰዓቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አስተማሪዬ እንዴት ትደሰታለች ብዬ ኮራሁ።

ለጓደኛዬ ያንኑ ሳምንት በስልክ፣ «ሽማግሌዎችሽ ከፈለጉኝ ቅዳሜ ኒነስሃምን ነኝ፤ ይምጡና ለማኔቶቹ ይስበኩ» አልኳት። ለማላገጥ ነው ያልኩት።  እሷ «ስንት ሰዓት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቀኑ ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በሆዴ ተኝቼ ስቆጥር እንጨቱ ላይ የብዙ እግር ኮቴ ሰማሁ፣ ከመካከሉ አንዱ ይጎተታል። ቀና አልኩ። እማማ በምርኩዝ፣ አስተማሪው፣ ዝምተኛው፣ ከኋላቸው ጓደኛዬ። ነጭ በነጭ ለብሰው በዚያ ጠባብ እንጨት ላይ ተራ በተራ ይመጣሉ። ስዊድኖቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸዋል። እማማ ሁለት ባቡርና አንድ ቱነልባና ቀይረው ነው የመጡት። በልቤ ጨከንኩ። ተነሥቼ ቆምኩ እንጂ ወደፊት ሄጄ አልተቀበልኳቸውም።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «ቁርስ ቀምሰሻል?» «አልቀመስኩም።» እማማ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ከዘንቢላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ፤ ጓደኛዬ ከፔርሙስ ሻይ ቀዳችልኝ።  «መጀመሪያ ብዪ» አሉኝ እማማ። «ወሬው ይደርሳል። አንቺ ብዪ።» ለምን እምቢ እላለሁ? ርቦኛል። በግራ እጄ ሻዩን፣ በቀኝ እጄ ዳቦውን ይዤ፣ እየጎረስኩ ጀመርኩ።

ንግግሩን ከፋሲካ ጀምሮ ሳዘጋጀው የከረምኩት ነው። «እስከዚህ ድረስ በመምጣታችሁ አከብራችኋለሁ» አልኩ። «ግን ቁርጡን ስሙ። ወደዚያ ሰው አልመለስም። ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ምን ሆንሽ አላለኝም። ታምሜ ስተኛ እንኳ መብራቱን አጥፍቶልኝ ነው የሚወጣው። እናቴን ሳይቀር ደውሎ አስቆጥቶብኛል። እሷም ትወቅሰኝ፣ እናንተም ውቀሱኝ፣ አገር በሙሉ ይውቀሰኝ። ከሱ ጋር ከመኖር እነዚህን ልብ የሌላቸውን ስቆጥር ብሞት ይሻለኛል።» ሌላም ብዙ ብያለሁ። ማንም አላቋረጠኝም። አስተማሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬት ያያሉ። ዝምተኛው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አሸነፍኳቸው ብዬ ነበር።

«ጨረስሽ ልጄ?» አሉኝ እማማ። «ጨርሻለሁ።» «ዳቦውንስ?» እጄን አየሁት፤ የቀረው ቁራሽ ነው። «ስለ ባልሽ አልመጣንም» አሉ።

የገባኝ ከቃላቸው ሳይሆን ከዳቦው ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል ይቀምሳል፤ ከሰማ በኋላ ስለማይበላ። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለስንት ሰው እኔ ራሴ ገንፎ አገንፍቼ አቅርቤያለሁ። የቀረውን ቁራሽ ጨርቁ ላይ መለስኩት። «ማን?» አልኩ። «እናትሽ።» «መቼ?» «በሐምሌ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ጠዋት። አልተሰቃየችም። አርባዋ ሳይወጣ እንድታውቂ ብለን ነው፣ እንጂ እንዲህ ሜዳ ላይ መርዶ አይነገርም ነበር፤ ይቅር በይን ልጄ» አሉኝ። እሳቸው ናቸው እኔን ይቅርታ የጠየቁት።

አላበድኩም፣ ደረቴንም ወዲያው አልመታሁም። ደብተሬን አነሣሁ። ገጹን ገለጥኩት። የሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ጠዋት። ነፋስ የለም። ውሃው ጥርት ያለ። ሃያ ሦስት። ከሥሩ ደግሞ በስዊድንኛ፣ «ጥሩ ቀን» ብዬ ጽፌበታለሁ። ለእማማ ሰጠኋቸው፤ አያነቡትም፣ ግን ተቀበሉኝ። ያን ጊዜ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጓደኛዬ ናት የምትነግረኝ። የጮህኩት በአማርኛ ነው አለች፤ ባልዲ ይዘው ማኔት ይይዙ የነበሩ የስዊድን ቤተሰቦች ዕቃቸውን ሰብስበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ራቅ አሉልን። እኔ የማስታውሰው ጓደኛዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንዳለበሰችኝና፣ እማማ በዚያ ጉልበታቸው በግድ ተንበርክከው እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዳስገቡ ነው። «ዛሬ ሩፋኤል ነው፤ ውሃ ሁሉ ጠበል ነው» እያሉ ፊቴን አጠቡኝ። ጨው ጨው ይላል። እጃቸው አጠገብ አንዷ ማኔት ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። እማማ ጥቂት አዩዋትና፣ «ይቺ ናት ስታሯሩጠን የከረመችው?» አሉ። ሳቄ መጣ። በዚያ ለቅሶ መካከል ሳቄ መጣ፤ ስለሳቅሁም ይበልጥ አለቀስኩ።

ፊቲያ ቤቴ ሦስት ቀን ተለቀሰ። በሬ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ። ባሌም መጣ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ምንም አላለም፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል አምጥቶ ሄደ። በመስከረም የቤት ሥራዬን አቀረብኩ። አስተማሪዬ አመስግናኝ አሳለፈችኝ። «ያየሽውን ብቻ ነው የጻፍሽው» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። የበሬን ቀዳዳ ነገር ለሷ ምን ብዬ ላስረዳት?

ያ የቁጣ ደብዳቤዬ ግን ከሆዴ አልወጣም። ለእናቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ነው፣ እሷም ሳትሰማው የቀረችው። ደርሶ ይሆን? ማን ከፈተው? ለወንድሜ ጽፌ ለመጠየቅ አፈርኩ። ሁለት ዓመት ቆይቼ አገር ቤት ስገባ፣ ከወንድሜ ጋር መቃብሯን ተሳለምን፣ ከዚያ ቤት ገብተን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ጠየቅኩት።

«የአርባዋ ዕለት ነው የደረሰው» አለኝ። «ድንኳኑ ሙሉ ነው። ፖስታው ሲታይ ሴቶቹ እንደ አዲስ ለቅሶ ጀመሩ። የልጇ ቃል ነው፣ ይነበብልን፣ እሷም ትስማው አሉ። ሌላ ጊዜ ብል ማን ይሰማኛል? መሐል አቁመውኝ ቀደድኩት።»

«አነበብከው?» አልኩት።

«በዓይኔ አነበብኩት» አለ። «በአፌ ሌላ አነበብኩ። ናፍቆትሽን ጻፍኩልሽ። ሽማግሌዎቹን እንደ ቃልሽ አስቀምጬ አስተናገድኳቸው አልኩ። መጨረሻ ላይ ጨነቀኝ፤ ስለዚያ ፍጥረት እየደጋገመች ስታወራ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷት ስለነበር መልሱን ይጠብቃሉ። እኔም፣ እማዬ የጠየቅሽኝን ተመልክቻለሁ፣ ልጇ ታውቃታለች፣ ከሩቅ ትለያታለች አልኩ።»

ደብዳቤውን ከሣጥን አውጥቶ ሰጠኝ። የኔው እጅ ጽሑፍ ነው። ልጇ አታውቃትም ይላል፤ ትክክሉ እሱ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ያጠናሁት ነው። ወንድሜ ያነበበው ስሕተት መሆኑን ላስረዳው እችል ነበር። አጥፌ መለስኩለት፣ አላረምኩትም።